ውሃ የጠማት መርከብ

«ተቀመጡ! እናንተ እዚያ ጋ ያላችሁ፣ ተቀመጡ!»

ከአሞራ ገደል ጀልባ ተሳፍሮ ጉማሬ ለማየት የወጣ ሰው ይህችን ጩኸት ያውቃታል። ጉማሬው ጆሮውን ብቅ ሲያደርግ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ብድግ ይላል። ጀልባዋ ጋደል ትላለች። ባለጀልባው ሞተሩን ያበርድና ይጮሃል። ሐዋሳ ተወልጄ ስላደግኩ ጩኸቷን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ኖሬያለሁ። ለምን እንደሚጮሁ በደንብ የገባኝ ግን እዚህ አይደለም። ስዊድን አገር፣ ስቶክሆልም ከተማ፣ ከ300 ዓመት በላይ ባሕር ስር ከርማ የወጣች መርከብ ፊት ቆሜ ነው።

መርከቧ ቫሳ ትባላለች። ሙዚየሙ የተሠራው እሷን ለማኖር ብቻ ነው፤ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኛታል። ለአጭር ሥልጠና ሄጄ አንድ ነፃ ከሰዓት ነበረችኝ። ሙሉውን እዚያ ጨረስኩት። ስመለስ ፎቶዎቹን ለሐይቅ ዳር ሰዎች አሳየሁ። የጠየቁኝ ነገር እኔ እዚያ ቆሜ ካሰብኩት ይበልጥ ነበር። በተለይ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጀልባ ሲሠሩና ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። የእሳቸውን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ማንበብ ነበረብኝ። ያነበብኩትን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ታሪኩን በአጭሩ። ጊዜው 1628 ነው። በእኛ አገር አፄ ሱስንዮስ የነገሡበት፣ ጎንደር ገና ያልተቆረቆረችበት ዘመን። የስዊድኑ ንጉሥ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር ጦርነት ላይ ናቸው። ጠላት አይቷት የሚደነግጥላት መርከብ አዘዙ። ርዝመቷ ከፊት ከሚወጣው ምሰሶ ጋር 69 ሜትር፣ ቁመቷ ከሥሯ እስከ ምሰሶዋ ጫፍ 52 ሜትር። 64 መድፍ በሁለት ፎቅ ተደርድሮባታል። 700 ገደማ የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ተለጥፎባታል፤ አንበሳ፣ መላእክት፣ የጥንት ነገሥታት።

ነሐሴ ወር፣ በእነሱ ኦገስት 10 ቀን፣ ከወደብ ተነሳች። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ያያል። ሸራዎቿ 10 ነበሩ፤ የተዘረጉት 4 ብቻ ናቸው። ለሰላምታ መድፍ ስለሚተኮስ የመድፎቹ መስኮቶች ተከፍተዋል። መለስተኛ ነፋስ መጣ። ጋደል አለች፣ ተመለሰች። ሁለተኛ ነፋስ መጣ። አሁን አልተመለሰችም። በታችኛው የመድፍ መስኮት ውሃ ገባ። ከተነሳችበት 1,300 ሜትር ገደማ ርቃ፣ ሕዝቡ እያያት፣ ሰጠመች። ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ።

አስቡት። በእኛ ሐይቅ ዳር ቢሆን፣ ከፍቅር ሐይቅ ተነስቶ አሞራ ገደል ሳይደርሱ እንደ መቅረት ነው።

ለምን? መልሱ ያቺ የባለጀልባው ጩኸት ናት። ጀልባ ጋደል ሲል ከሁለት ነገሮች አንዱ ይሆናል። ወደ ውሃ የጠለቀውን ጎኑን ውሃው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ይህ ግፊት ጀልባውን ቀና ሊያደርገው ይሞክራል። ክብደቱ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ግፊቱ ያሸንፋል፣ ጀልባው ይመለሳል። ክብደቱ ከፍ ብሎ ከሆነ ግን ሲጋደል ክብደቱ ራሱ ወደዚያው ወደተጋደለበት ይጎትተዋል። ያኔ ውሃው አይችለውም። እናንተ ጀልባ ላይ ስትነሱ ክብደታችሁ አልጨመረም። ከፍታው ነው የጨመረው። ጣሪያ አልፎ የተጫነ አይሱዙ መታጠፊያ ላይ ሲመጣ ሁላችንም ልባችን ድንግጥ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ጭነቱ አልከበደ ይሆናል፤ ከፍ ግን ብሏል።

ቫሳ ተነስታ የቆመች መርከብ ነበረች። ከውሃ በላይ ያለው አካሏ በጣም ከፍ ያለ፣ እንጨቱም በጣም ወፍራም ነበር። በዚያ ላይ የላይኛው ፎቅ መድፎችም እንደ ታችኞቹ ከባድ ናቸው። ወርዷ ደግሞ ለዚህ ሁሉ አይበቃም። በሆዷ ሚዛን የሚጠብቅ 120 ቶን ያህል ድንጋይ ተጭኗል፤ አልበቃትም።

«ታዲያ ድንጋይ አይጨምሩባትም ነበር?» አሉኝ ጋሼ ወዲያው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ድንጋይ ሲጨመር መርከቧ ትጠልቃለች። ስትጠልቅ የታችኛው ረድፍ የመድፍ መስኮቶች ለውሃው ይቀርባሉ። እነሱ ደግሞ ቀድሞውንም ቅርብ ነበሩ። ችግሩ ቀድሞ ቅርጿ ላይ ስለነበር በድንጋይ የሚፈታ አልነበረም።

የሚያሳዝነው፣ ከመነሳቷ በፊት መታወቁ ነው። ወደብ ላይ ታስራ ሳለ 30 መርከበኞች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን እየሮጡ እንዲፈትኗት ተደረገ። ሦስት ጊዜ ሮጡ። መርከቧ እንዲህ ስትወዛወዝ አድሚራሉ ፈተናውን አስቆሙት። እዚያው ልትገለበጥ ነው ብለው ፈሩ። ግን መነሳቷን ያስቆመ የለም። ንጉሡ በሩቅ አገር ጦር ሜዳ ላይ ሆነው «ቶሎ በሉ» የሚል ደብዳቤ ይልካሉ። ዋናው አናጺ፣ ሆላንዳዊው ሄንሪክ ሂበርትሶን፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሞቷል። ከሰጠመች በኋላ ምርመራ ተካሄደ። አንድም ሰው አልተቀጣም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን በጣም ያስገረመኝ ነው። መርከቧ ውስጥ የአናጺዎች የመለኪያ እንጨቶች ተገኝተዋል። አራት ናቸው። ሁለቱ በስዊድን ጫማ የተለኩ ናቸው፤ የስዊድን ጫማ 12 ኢንች ነው። ሁለቱ በአምስተርዳም ጫማ የተለኩ ናቸው፤ እሱ 11 ኢንች ነው። አናጺዎቹ ከተለያየ አገር የመጡ ስለነበሩ እያንዳንዱ በለመደው ይለካ ነበር። የመርከቧ ግራና ቀኝ ዛሬ ሲለካ እኩል አይደለም። ያሰጠማት ይህ ነው ለማለት አይደለም። ግን እነዚያን ቀጫጭን እንጨቶች በመስታወቱ ውስጥ ሳይ፣ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው «ሦስት ጫማ» ሲባባሉ፣ ሁለቱም እውነት ሲናገሩ፣ ሳይግባቡም ሲቀሩ ታየኝ።

እስካሁን ያልኩት የመስጠሟ ነገር ነው። ከባዱ ግን የመትረፏ ነገር ነው። ጋሼም የያዙኝ እዚያ ላይ ነው።

ስልኬን ተቀብለው ፎቶውን በሁለት ጣታቸው ከፈት ከፈት አደረጉት። ቅርጻ ቅርጹን አለፉት። ሳንቃዎቹ የሚገናኙበት ላይ ቆዩ። «333 ዓመት ውሃ ውስጥ ኖራ ካልበሰበሰች፣ አሁን ደረቅ ቤት ውስጥ ገብታ ምን ሆና ነው የሚጨነቁላት?»

መጀመሪያ ለምን እንዳልበሰበሰች። እንጨት የሚበላው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ትል፣ ሻጋታ፣ ባክቴሪያ። ጨዋማ በሆነ ባሕር ውስጥ እንጨት እየቦረቦረ የሚኖር ፍጥረት አለ። የመርከብ ትል ይሉታል፤ በዘሩ ግን የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። የሰጠመችን የእንጨት መርከብ በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ ጨርሶ ይበላታል። ይህ ፍጥረት ጨው ይፈልጋል። የባልቲክ ባሕር ጨው ደግሞ ትንሽ ነው፤ ብዙ ወንዝ ስለሚገባበት። ስለዚህ ትሉ ስቶክሆልም ድረስ አይደርስም። ሁለተኛ፣ ቫሳ ያረፈችው 32 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ነው። ቦታው ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። ሦስተኛውን ስነግራቸው ጋሼ ሳቁ፤ የከተማው ቆሻሻ ነው። የስቶክሆልም ፍሳሽ ለዘመናት ወደዚያው ወደብ ይፈስ ነበር። ቆሻሻው ሲብላላ በታች ያለውን ኦክስጅን ጨረሰው። ኦክስጅን በሌለበት ደግሞ እንጨት የሚያበሰብሱት አብዛኞቹ መኖር አይችሉም። ቆሻሻው አተረፋት። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ዞሮ ይመጣል።

መርከቧን ያገኛት አንደሽ ፍራንሴን የሚባል ሰው ነው። ለዓመታት በትንሽ ጀልባ እየዞረ፣ ጫፉ ክፍት የሆነ ከባድ ብረት በገመድ ወደ ታች ይጥል ነበር። ብረቱ የነካውን ነገር ቆንጥሮ ያወጣል። በ1956 ጠቆር ያለ የኦክ እንጨት ይዞለት ወጣ። ከዚያ ጠላቂዎች ከመርከቧ ሥር፣ በጨለማ ጭቃ ውስጥ፣ ስድስት ዋሻ ቆፈሩ። ከላያቸው ድንጋይ የተጫነች መርከብ አለች። በዋሻዎቹ የብረት ገመድ አሳለፉ፣ ቀስ በቀስ ወደ ጥልቀት ወደሌለው ቦታ አመጧት። ሚያዝያ ወር፣ በእነሱ ኤፕሪል 24 ቀን 1961፣ ጫፏ ከውሃ ወጣ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው።

«ጀልባ ውሃ ይጠማዋል» ይላሉ ጋሼ። ሐይቅ ዳር ለወራት ተገልብጦ የቆየ ጀልባ አይታችሁ ይሆናል። ሳንቃው ይሸበሸባል። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ሰውየው ጀልባውን ከመቅዘፉ በፊት ውሃ ውስጥ ያሳድረዋል። እንጨቱ ጠጥቶ ያብጣል፣ ክፍተቱ ይገጥማል። ይህ ደህና እንጨት ነው። የቫሳ እንጨት ግን ከዚህ ይብሳል።

ሸንኮራ አገዳ አስቡ። አዲሱ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ውስጡ በጭማቂ ተሞልቷል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ከቆየ ይቀላል፣ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። እንጨት ሁሉ እንደ ሸንኮራ በትናንሽ ክፍሎች የተሞላ ነው። ክፍሎቹ ግድግዳ አላቸው። ውሃ ውስጥ 333 ዓመት ሲኖር ባክቴሪያዎች ግድግዳውን ከውስጥ ቀስ እያሉ በልተውታል፤ በተለይ ከውጭ ያለውን ንጣፍ። ቅርጹን ይዞ ያቆመው ውስጡ የሞላው ውሃ ነው። ውሃው ሲተን ክፍሎቹን ወደ ውስጥ እየሳበ ይደረምሳቸዋል። ከባሕር የወጣን ጥንታዊ እንጨት ዝም ብላችሁ ብታደርቁት ይኮማተራል፣ ይፈረካከሳል። ስለዚህ ቫሳን እንድትደርቅ መተው እሷን መግደል ነበር። እንድትደርቅ አለማድረግም አይቻልም፤ እርጥብ ሆና አየር ላይ ብትቆይ ሻጋታው አለ።

መፍትሔው ውሃውን በሌላ ነገር መተካት ነው። ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ሰም መሰል ነገር አለ። ፋርማሲ ውስጥ በምትገዙት ቅባት ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ውሃው ሲሄድ ግን እሱ ይቀራል፣ ይጠጥራል። መርከቧን ይህን በያዘ ውሃ መርጨት ጀመሩ። መጀመሪያ ሠራተኞች ጎማ ይዘው በእጃቸው ይረጩ ነበር፤ ኋላ በቧንቧ ሆነ። ከ1962 እስከ 1979፣ 17 ዓመት። የሰሙን መጠን ቀስ በቀስ እየጨመሩ፣ እንጨቱ እንዲለምደው። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ እንድትደርቅ 9 ዓመት ገደማ ጠበቁ። መርጨቱ ሲጀመር የተወለደ ልጅ፣ ደርቃ ሲያልቅ 26 ዓመት ሞልቶታል። አሁን ያለችበት ሙዚየም የተከፈተው በ1990 ነው።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ። «አጠጧት እንጂ» አሉ በመጨረሻ። «ሰም አጠጧት።»

አሁን ወደ ቆሻሻው እንመለስ። ያ ኦክስጅን ያጣ ውሃ ሌላ ነገርም ይዟል፤ ድኝ። ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያመነጫሉ፤ በውስጡ ድኝ አለ። ያ ድኝ ለ333 ዓመት ወደ እንጨቱ ሲሰርግ ኖረ። የመርከቧ ምስማርና ብሎን ደግሞ ዝጎ ስላለቀ፣ ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ ተበትኗል። ድኝ፣ ብረት፣ እርጥበትና ኦክስጅን አንድ ላይ ሲገናኙ የድኝ አሲድ ይሆናል። መኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ዓይነት። በ2000 ስዊድን ዝናባማ ክረምት ነበራት። ብዙ ጎብኚ በረጠበ ልብስ ገባ፣ ተነፈሰ፣ የሙዚየሙ አየር ረጠበ። እንጨቱ ላይ ነጭና ቢጫ ዱቄት መሰል ነገር ብቅ ብቅ አለ። ሲመረምሩት መርከቧ ከውስጧ አሲድ እያወጣች ነው። ያተረፋት ነገር ይበላት ጀመር።

ለዚህ ነው ወደ አዳራሹ ስትገቡ ቀዝቀዝና ደብዘዝ የሚለው። ሙቀቱ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ነው። እርጥበቱ 53 በመቶ ገደማ ላይ ተይዟል፤ ብዙ ከፍ ዝቅ እንዲል አይፈቀድለትም። ብርሃኑም ደካማ ነው። ፎቶ አልወጣልን አለ ብላችሁ አትናደዱ። እርጥበት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር እንጨቱ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ እንደ መተንፈስ ነው። አሮጌ እንጨት ብዙ መተንፈስ አይችልም። ጃኬት ያዙ። ረጥባችሁ ከሆነ ልብሳችሁን መግቢያው ላይ ተዉት።

ብሎኖቹም ተቀይረዋል። በ1960ዎቹ በዛገው ምትክ ከ5,000 በላይ አዲስ የብረት ብሎን ገብቶ ነበር። እሱም ዛገ። ከ2011 እስከ 2018 አንድ በአንድ እያወጡ በማይዝግ ብረት ተኩት።

እና ክብደት። አባቴ ዋና ሲያስተምረኝ ሐይቁ ውስጥ በአንድ መዳፉ ይዞኝ ነበር። ከውሃ ሲያወጣኝ ግን በሁለት እጁ አቅፎ ነው፣ ያውም «ኧረ ከበድሽ!» እያለ። መርከብም እንዲሁ ናት። ውሃ ውስጥ ሳለች መላ ሰውነቷ ከሥር ተደግፏል፤ እያንዳንዱን ክንድ ስፋት ውሃው ይሸከመዋል። መሬት ላይ ስትወጣ ክብደቷ በሙሉ ሥሯ ላይ ባለው አከርካሪ እንጨትና በጥቂት ድጋፎች ላይ ያርፋል። ድጋፉ የነካበት ቦታ ይጨፈለቃል፣ በድጋፍና በድጋፍ መሀል ያለው ይረግባል። ቫሳ በየዓመቱ በጥቂቱ ትዘማለች። ባለሙያዎች በየጊዜው ይለኳታል። ዓይን አያየውም፤ ግን አለ። ስለዚህ አዲስ የብረት ድጋፍ እየተሠራላት ነው፤ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም እንደ አጽም የሚያቆማት።

ስትሄዱ ብዙ ሰው ከላይ ቅርጻ ቅርጹን አይቶ ይወጣል። ያምራል፣ እዩት። ግን ደረጃውን ወርዳችሁ እስከ ሥሯ ድረስ ሂዱ። ድጋፎቹን እዩ። ብሎኖቹን እዩ። አዳዲስ ሳንቃ የት እንደገባ እዩ፤ 98 በመቶው የራሷ እንጨት ነው፤ የተተካውን መለየት ይቻላል። መርከቧ ላይ መውጣት አይፈቀድም፤ ክብደት አትችልም። የላይኛው የመድፍ ፎቅ ግን በልኩ ተሠርቶ ጎኗ ላይ አለ፤ እዚያ ገብታችሁ ትዞራላችሁ።

እኔ ከሁሉም በላይ የቆየሁት አንድ ሣጥን ፊት ነው። የአንድ መርከበኛ ሣጥን። ተከፍቶ ነው የተቀመጠው። ውስጡ የሱፍ ባርኔጣ አለ፤ ቅርጹ እንዳለ ነው። ጫማ አለ። የስፌት ዕቃ አለ። ሰውየው ልብሱ ቢቀደድ ሊሰፋ ነበር። ረጅም ጉዞ ሊሄድ ነበር፤ 1,300 ሜትር ሄደ። ያልተዘረጉት 6 ሸራዎችም ተጣጥፈው በተቀመጡበት ተገኝተዋል፤ ተጣጥፈው ስለነበር ነው የተረፉት።

የሞቱትም ሰዎች አጽም አለ። አንዱን ለዓመታት ወንድ ነው ብለው ሲያምኑ ቆዩ። በ2023 የዘረመል ምርመራ ሴት መሆኗን አሳየ። በዚያን ቀን ባሎቻቸውን ሸኝተው መውረድ የነበረባቸው ቤተሰቦችም አብረው ተሳፍረው ነበር። ለዚያች ሴት፣ ከ395 ዓመት በኋላም ቢሆን፣ ማን መሆኗን የጠየቀ ሰው በመኖሩ ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሐዋሳ ሰው። ቫሳ አሁን ጠቆር ያለ ቡና ዓይነት ናት። ስትሠራ ግን ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ነበረች። ቅርጻ ቅርጹ ላይ በቀረው የቀለም ጠባሳ ነው ያወቁት። ጎኗ ላይ ዓሥር ጊዜ ያነሰ ሞዴሏ በዚያ ቀለም ቆሟል። እሱን ሳይ ትዝ ያለኝ የአሞራ ገደል ጀልባዎች ናቸው።

ሁሉም መርከብ ግን እንደ ቫሳ ቤት አይገባም። አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ ኮንስቲቲዩሽን የምትባል በ1797 ውሃ የነካች መርከብ ዛሬም ውሃ ላይ ናት፤ በየጊዜው እያወጡ ይጠግኗታል። ለንደን፣ ግሪኒች ውስጥ ካቲ ሳርክ አለች፤ በ1869 ከቻይና ሻይ ለማመላለስ የተሠራች። በ2007 እድሳት ላይ ሳለች እሳት ተነሳባት። ደግነቱ ብዙው እንጨቷ ለእድሳት ተነስቶ ሌላ ቦታ ነበር። እንግሊዝ፣ ብሪስቶል ውስጥ ያለችው ግሬት ብሪትን ደግሞ የብረት ናት፤ በ1843 የተሠራች። የእሷ በሽታ ጨው ነው። ብረቱ ውስጥ የሰረገው የባሕር ጨው አየሩ ትንሽ ከረጠበ ያዝገዋል። ስለዚህ በዙሪያዋ መስታወት ዘረጉ፣ ከላዩ ጥቂት ውሃ አደረጉበት። ከላይ ስታዩአት ባሕር ላይ ያለች ትመስላለች። ከመስታወቱ ሥር ግን አየሩ እንደ በረሃ የደረቀ ነው፤ እርጥበቱ 20 በመቶ ገደማ። እንጨት ሲሆን ድርቀት ይገድለዋል፣ ብረት ሲሆን ድርቀት ያድነዋል።

«የኛስ?» ይላል ሰው እዚህ ሲደርስ። ሁሉም ይጠይቃል።

ነበረችን። በ1962 ከአሜሪካ የተሰጠችን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ስትረዳ የነበረች 95 ሜትር መርከብ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ሆነች። ስሟ «ኢትዮጵያ» ተባለ። ምጽዋ ነበር ቤቷ። በ1991 ወደ የመን ሸሸች። ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ያን ጊዜ መርከብ የሚያስብ ማንም አልነበረም፤ አገሩ ሌላ ጭንቀት ውስጥ ነበር። እኔ ግን ሥሯን ወርጄ የማየት ዕድል ባገኝ እወድ ነበር። በከተማችን ስም የተጠራች «ሐዋሳ» የምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብም ነበረች። እሷን ያየ ሐዋሳ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?

አንድ ነገር ግን ሙዚየም ውስጥ አለን። ኖርዌይ ነው ያለው።

ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌጂያዊ፣ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሳ። ደንገሉን ከየት አመጣ? ከጣና። በ1969 በጣና ደንገል የተሠራችው የመጀመሪያዋ ጀልባ፣ «ራ»፣ ከሞሮኮ ተነስታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ፈረሰች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛዋ፣ «ራ 2»፣ በኢትዮጵያ ደንገል ተሠርታ አትላንቲክን በ57 ቀን ተሻግራ ባርቤዶስ ደረሰች። ያቺ ጀልባ ዛሬ ኦስሎ፣ ኮን ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ናት።

ይህን ለጋሼ ነግሬ ፎቶዋን ከስልኬ አወጣሁላቸው። አሁንም በሁለት ጣታቸው ከፈቱት። ደንገሉ በገመድ የታሰረበት ላይ ቆዩ።

«ይህችስ አልጠማትም?» አሉኝ።

ደንገል ሌላ ነው ብዬ ጀመርኩ። ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ጣናዎች ፀሐይ ላይ አስጥተው ያደርቁታል፤ ለደንገል ጥማቱ ሳይሆን ጥጋቡ ነው ጠላቱ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስልኬን መለሱልኝና ወደ ጀልባቸው ዞሩ። ሦስት ወር ተገልብጦ የቆየ ነው። ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው እየነኩ ወደ ታች ወረዱ፣ ልጁን ጠሩት፣ ሁለት ሆነው ወደ ውሃው ገፉት። ነገ ጠዋት እስኪጠጣ ድረስ እዚያው ያድራል።